ማታ የተሰፋው ጠዋት ሲተረተር

ጡረታ የወጣ መምህር የሚያስተምረው ተማሪ ሲያጣ መንገደኛውን ያስተምራል እያሉ ያሙናል። ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልከራከርም። እንግዲህ አንባቢዬ ወሬዬን በምክር ቀላቅዬ ባቀርብለት አይቀየመኝ፤ ወሬው የደስታ አለመሆኑንም ከአሁኑ ይወቅልኝ። በደስታው ቀን ምክር የሚሰማ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ወረደብኝና ከአንድ መድኃኒት ቤት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠጋሁ። ከእኔ ቀድመው አንድ ሽማግሌ እዚያ ቆመዋል። ባርኔጣቸው ርሷል፤ ትልቅ ፌስታል በደረታቸው አቅፈዋል። ቀና ሲሉ አወቅኋቸውና ደነገጥሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ናቸው። ያስደነገጠኝ በቀን ብርሃን ማየቴ ነው፤ እኚህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ሱቃቸው ገብተው ሰፈሩ ከተኛ በኋላ የሚወጡ ናቸው። ሠራተኞቻቸው «አባ ትጋት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ለማሞገስ ይሁን ለማሽሟጠጥ አልታወቀም፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ይዘውታል።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ? በዚህ ሰዓት ከሱቅ ውጭ ሳይዎት ዐይኔን ተጠራጠርሁ» አልኋቸው።

«ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምን ይባላል መምህር» አሉና ፌስታሉን ከፈቱልኝ። «እስቲ ይዩልኝ። ምንድን ነው?»

«እጅጌ ነው።»

«የየትኛው እጅ?»

አንዱን አውጥቼ በክንዴ ላይ ለካሁት፤ የግራ ነው። ሌላ አወጣሁ፤ እሱም የግራ ነው። ከታች መዘዝሁ፤ ያው ነው።

«አይድከሙ» አሉኝ። «ሁሉም የግራ ነው። የሐኪም ቤት ነርሶች ጋውን ልሰፋ ተኮናትሬ፣ ቀኝ እጅ የሌላቸው ይመስል ጨርቁን በሙሉ በግራ እጅጌ ጨረሰልኝ። ማን ቢሉኝ ቆራጩ፤ ቆራጩ ማን ቢሉኝ የገዛ ልጄ።»

ነገሩ ስላልገባኝ አስረዱኝ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ያለው ነው፤ ፊቱ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ፈዛዛ ነው። ለመቁረጥ ሲነጠፍ አንደኛው ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ፊቱን ወደ ታች እየሆነ ይደራረባል፤ ያኔ በአንድ ቁርጥ ግራና ቀኝ አብሮ ይወጣል። ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። ልጃቸው ግን ክምሩን በሙሉ ፊቱን ወደ ላይ አንጥፎ በኤሌክትሪክ መቁረጫው ነዳበት።

«ሌላ ጨርቅ መግዛት አይቻልም?»

«ከነጋዴው ዘንድ ነው የምመጣው። ያ ቀለም አልቋል። ሌላ ሰማያዊ አለ ይለኛል። አንዱ እጇ ሰማይ፣ ሌላው ባሕር የሆነ ነርስ አይተው ያውቃሉ?»

«ልጅዎስ ምን አለ?»

ፌስታሉን መልሰው ቋጠሩት።

«ምን ይላል። በሠራተኛው ሁሉ ፊት 'ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም፣ ውጣ' አልሁት። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። መልሶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከዚያ ልጅ ሌላም ልጅ የላቸውም። ይህን የማውቅ በመሆኔ ልቤ አዘነ፤ ምላሴ ግን የመምህር ነውና ዝም አላለም።

«ጨርቁን የቆረጠው በስንት ሰዓት ነው?»

«ማታ ነው። ሰው ሁሉ እራቱን ከበላ በኋላ።»

«ከመቼ ጀምሮ ቆሞ ነበር?»

«ከጠዋት ነዋ፤ ሁላችንም ከጠዋት ነን። መምህር፣ ወዴት እንደሚወስዱኝ አውቄዋለሁ። ሥራ ሰው አይገድልም። ሰው የሚገድለው ስንፍና ነው።»

ዝናቡ ሲያባራ ፌስታሉን አንድ ወገን ይዤላቸው ወደ ሱቃቸው አብረን ሄድን።

ሱቅ ይባል እንጂ ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ጥቅል ጨርቅ ተደርድሮባቸው ተደፍነዋል፤ እኩለ ቀንም ቢሆን የሚሠራው በመብራት ነው። የስፌት መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ይንጫጫሉ፣ ካውያው ያለበት ጥግ በእንፋሎት ታፍኗል። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፤ «ሰዓት የሚያይ ዐይን መርፌ አያይም» ብለው እሳቸው ናቸው ያወረዱት። ሌላም ሕግ አላቸው። የእሳቸው መኪና ሳይቆም የማንም መኪና አይቆምም። ሥራ አልቆ እንኳ ቢሆን ሴቶቹ ያንኑ ጨርቅ እያገላበጡ የእሳቸውን መነሣት ይጠብቃሉ።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት ወጣት ቆማ ስትጠብቀን አገኘን። የእህታቸው ልጅ ናት። የፋብሪካ ሥራ እንዴት እንደሚደራጅ ተምራ ተመርቃ አሁን በአንድ ጫማ ፋብሪካ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» አለች።

«ለማስታረቅ ከሆነ የመጣሽው ወንበር አታሙቂ» አሏት።

«ለማስታረቅም ለመሟገትም ነው። ቢፈቅዱልኝ ሙግቱን ላስቀድም።»

«እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ከሰላምታ በፊት ክርክር። ተናገሪ፤ አንቺም ተማርሽና ሰው ሥራ ይቀንስ ልትዪኝ ነው?»

«ሥራ ይቀንስ አላልሁም። መጀመሪያ አንድ ነገር እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ» አለችና ወደ ጥግ ዘወር አለች። እዚያ በዕድሜ የገፉ ሴት ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። የልብሱ የመጨረሻ ሥራ በእጃቸው ስለሚያልፍ «እትዬ ቁልፍ» ነው የሚባሉት። «እትዬ፣ ጠዋት እንደገባችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት ምንድን ነው?»

እትዬ ቁልፍ አሠሪያቸውን አዩ፤ መርፌያቸውንም አዩ። «እንግዲህ… እንተረትራለን» አሉ።

«ምኑን?»

«ማታ የሰፋነውን ነዋ። የተጣመመውን፣ ክሩ የላላውን፣ ኮሌታው ተገልብጦ የተያያዘውን።»

«እስከ መቼ ነው የምትተረትሩት?»

«እስከ ሻይ ሰዓት። አንዳንድ ቀን ሻይም ጠጥተን ያልቅ እንደሆን ነው።»

አባ ትጋት እጃቸውን አወናጨፉ። «መተርተር ከስፌት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የማይተረትር የማይሰፋ ሰው ብቻ ነው።»

«ልክ ነው ጋሼ። መብራት ሳይገባ፣ ብቻዎን በአንድ መኪና ሲሠሩ፣ እርስዎስ ምን ያህል ይተረትሩ ነበር?»

ይህ ጥያቄ ሽማግሌውን የሚያኮራቸው ነበርና ሳያስቡ ገቡበት። «እኔ? የእኔ ስፌት ተተርትሮ አያውቅም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ያኔ ቤትዎ በስንት ሰዓት ይገቡ ነበር?»

«ፀሐይ ስትገባ። ሲጨልም በምን ዐይኔ ልስፋ?»

«እንግዲያ መብራቱ ገብቶ ሰዓቱ ሲረዝም የጨመርነው ስፌት ነው ወይስ ትርተራ?»

ሽማግሌው የራሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ከተረቱ ተምሮ ቀበቶውን ቆሞ የታጠቀ ግን ጥቂት ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማታ ማታ እየሮጡ ይታጠቃሉ፣ ጠዋት ጠዋት ይፈታሉ፤ ይህንንም ትጋት ብለው ስም አውጥተውለታል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሆነ ነገር ነው።

«እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር» አለች ልጅቱ። «ማታ የተለጠፈ ሶል በሳምንቱ ይላቀቅና ጫማው ይመለሳል። አለቆቻችን ሙጫውን ቀየሩ፣ ነጋዴውን ከሰሱ። በመጨረሻ ሰዓቱን ሲያሳጥሩት ያው ሙጫ ያዘ።»

«የጫማ ነገር ለጫማ ነው» አሉ አባ ትጋት። «እኔ ዘግቼ ብገባ ከማዶ ያለው ሰፊ እስከ ማታ ከፍቶ ደንበኛዬን ይወስደዋል። ደግሞስ አገር የሚያድገው በላብ ነው። ያላቸው ይረፉ፤ እኛ ገና ነን። ድሃ ተኝቶ ያለፈለት ማን ነው?»

«አገር በላብ ብቻ ቢያድግ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚሸከሙት ሰዎች ባለጸጋ በሆኑ ነበር ጋሼ። የሚያሳድገው ከላቡ የሚወጣው ነገር ነው። እስቲ እነዚህን ሴቶች ይመልከቷቸው። ጫማ የሚገዙት፣ ጸጉራቸውን የሚሠሩት፣ ለልጆቻቸው ልብስ የሚያስለኩት መቼ ነው? አሠሪ ሁሉ ሰውን እስከ ማታ ከያዘው እርስዎ የሚሰፉትን ማን ይገዛዋል? ገዝቶስ የት ይለብሰዋል?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ደስ ብሏቸው ግን አልነበረም። «ስለዚህ በጊዜ የምለቃቸው ቀሚስ እንዲገዙኝ ነዋ።»

እኔም ዝም ብዬ መቆሙ ስለከበደኝ ገባሁበት። «አባ ትጋት፣ በራፍዎ ላይ ሥራ ፈላጊ ይመጣል?»

«መቼ ቀርቶ ያውቃል። ሞያ ያላቸው ልጆች ናቸው፤ አዝኜ እመልሳቸዋለሁ።»

«ለምን አይቀጥሯቸውም?»

«ያሉት እስከ ማታ እየሠሩልኝ ተጨማሪው ምን ያደርግልኛል?»

«አየህ፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው» ልል ነበር፤ በዕድሜ ይበልጡኛልና አረምሁት። «ይዩ እንግዲህ» አልሁ፣ «አንዱ የሁለት ሰው ሥራ ተሸክሞ ይታመማል፤ ሌላው ሥራ አጥቶ ይታመማል። መጨረሻ ላይ በአንድ ሐኪም ቤት ደጃፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አገር ከሁለቱም ምን አተረፈች?»

አባ ትጋት ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ወደ መኪኖቹ ዞሩ። «የማታው ክፍያስ? ራሳቸው ይፈልጉታል። ውሸቴን ከሆነ ጠይቂያቸው።»

ከረድፉ አንዷ ሰፊ ቀና ሳትል መለሰች። «እንፈልገዋለን። የቤት ኪራይ አለብን።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልመለሰችም። ይህን ወደድሁላት፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ለሁሉ ነገር መልስ ተሸክሞ ሲዞር አይቼ ስለማውቅ ነው።

«እውነትሽን ነው» አለቻት። «ክፍያሽን ነጥቄ እረፍት ብሰጥሽ ስድብ ይሆንብሻል። ደመወዙ ሳይጎድል ሰዓቱ ይጉደል ነው የምለው።»

«ከየት አምጥቼ?» አሉ አጎቷ።

«ከሚተረተረው። ከሚበላሸው ጨርቅ፣ ከክሩ፣ ከመብራቱ። ጋሼ፣ መምህር ይዘውት ከቆሙት ፌስታል ውስጥ።»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጥሁት። እትዬ ቁልፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከፈቀዱልኝ እኔም አንድ ነገር ልበል» አሉ። «እኛ ቶሎ ብንጨርስም ቶሎ አንወጣም። ክምሩ ሲያልቅ ሌላ ክምር ይመጣል፤ ክምር ከሌለም እርስዎ እስኪነሡ ነው። ታዲያ ማን ይቸኩላል? ከምሳ በኋላ እጃችን ራሱን ይቆጥባል። ልንሰርቅዎ አይደለም፤ እስከ ማታ እንዲያደርሰን ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ዛሬ ትነግሪኛለሽ?»

«ጠይቀውኝ አያውቁማ።»

አባ ትጋት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ወሬ ነው» አሉ። «ሁሉም ወሬ ነው። እኔ የማምነው ጨርቅ ነው።»

«እንግዲያ ጨርቁን እንጠይቀው» አለች የእህታቸው ልጅ። «እርስዎ ስፌት አይተው ማን እንደሰፋው ይለያሉ ይባላል።»

«መቼ እንደሰፋውም እለያለሁ።»

«ይለዩልኝ።»

እጅጌ የሚጠብቁት ጋውኖች በመስቀያ ተሰቅለዋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አወረዱ፤ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አሳለፉና «የጠዋት» ብለው በቀኛቸው አስቀመጡት። ሁለተኛውን አወረዱ። «የጠዋት።» ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይህ የማታ ነው። ክሩ ተወጥሯል፤ እግሯ ዝሏል፣ ፔዳሉን እየዘለለች ነው የረገጠችው።» በግራቸው አስቀመጡት። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ማንም ግን ከቦታው አልተነሣም። የሚሰማው የእሳቸው «የማታ… የማታ… የጠዋት… የማታ» ብቻ ሆነ። በግራ ያለው ክምር ከፍ እያለ ሄደ።

ከዚያ አንዱን ጋውን አንሥተው ገላመጡት። «ይህንንስ ማን እንደሰፋው እንኳ ልለየው አልቻልሁም። ኮሌታው በአንድ ወገን ወርዷል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተደርቦበታል። ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሰፋው። ማን ነው?»

ሴቶቹ አቀረቀሩ። «ማን ነው እኮ ነው የምለው» አሉ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ» አሉ እትዬ ቁልፍ በቀስታ። «በዚያን ሰሞን ማታ 'ዐይንሽ ከደከመ አምጪው' ብለው ከእጄ ወስደው የሰፉት ነው። ጠዋት ልተረትረው አስቤ አፈርሁ።»

ኮሌታውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። ስፌቱን እንደ ሰው ፊት የሚያውቁ ሽማግሌ የገዛ ስፌታቸውን አላወቁትም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እኔም ዐይኔን አነሣሁላቸው።

«ታዲያ» አሉ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ታዲያ ልጄ ምን አደረገ?»

«እርስዎ ያደረጉትን ነው ያደረገው» አለች የእህታቸው ልጅ። «የእሱ በጨርቅ ክምር ላይ ስለሆነ ጎልቶ ታየ እንጂ።»

ባርኔጣቸውን አነሡ። ከበሩ ሲደርሱ ዞረው ለሠራተኞቹ «ግቡ» አሏቸው። ሴቶቹ ስላልገባቸው ተያዩ። «ወደየቤታችሁ ግቡ ነው የምለው። ክፍያችሁ ያው ነው።» ውጭው ገና ብርሃን ነበር፤ እኔና የእህታቸው ልጅ ተከተልናቸው።

ልጃቸው የተከራየው ክፍል ከአንድ ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ከውኃ ቧንቧ አጠገብ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ በክፍሉ ውስጥ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሽታውም የእርጥበት ነው። ልጁን አልጋ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘነው። አባቱን ሲያይ ተነሥቶ ያለችውን አንድ ወንበር ለቀቀላቸው፤ እኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፣ እሱ ቆመ። ከስቷል። ዐይኑ ሥር ጠቁሯል።

አባ ትጋት በመንገድ ላይ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሲደርሱ ግን የተናገሩት ሌላ ሆነ።

«ፊቱ ወደ ላይ መሆኑን እንዴት ሳታይ ቀረህ?»

«አይቼዋለሁ አባባ» አለ። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቼዋለሁ። ፊቱ ያብለጨልጫል፣ የሚቀጥለውም ያብለጨልጫል። 'ይህ ልክ አይደለም' የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ግን እንደ ሌላ ሰው ሐሳብ ነው። ዐይኔ አየ፣ እጄ አልሰማም። መቁረጫውን ስነዳው ስለ ጨርቅ አላስብም ነበር። ጣቴ ቢገባበት ቤት እገባ ነበር ብዬ ነው ያሰብሁት።»

የአክስቱ ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባትየው አንገታቸውን ደፉ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ? ደከመኝ ብዬ? እርስዎ ሳይደክምዎት?»

«ደክሞኛል» አሉ ሽማግሌው። «ደክሞኝ ኖሯል፤ ዛሬ ነው ያወቅሁት። ልጄ አይደለህም ያልሁህን… እሱን ቃል መልስልኝ። ያን ቃል የተናገረው ድካሜ ነው።»

«እኔ አልተቀየምሁም» አለ ልጁ። ወዲያው ግን እንባው መጣ፤ የመጣው ስለተባረረ አልነበረም። «እናቴ እኔንና እርስዎን የምታየን ተኝተን ብቻ ነበር አባባ። መክሳቷን ያየነው እኛ አይደለንም። ከመምህር ቤት ነው መጥተው 'ባለቤትዎ ታመዋል መሰለኝ' ያሉዎት። አብረናት እየኖርን ከጎረቤት ሰማን።»

ይህ እውነት ነው። የላክኋት ባለቤቴ ነበረች። ከውጭ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

በመጨረሻ አባትየው «ሰዓቱን አሳጥረዋለሁ፣ ተመለስ» አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ያሳጥሩት፤ ለእነሱ ያሳጥሩላቸው። እኔ ግን ጨርቅ ሲነጠፍ ማየት አልችልም። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።» አባቱን እስከ ቅያሱ ጫፍ ድረስ ክንዳቸውን ይዞ ሸኛቸው፤ ከዚያ ተመለሰ።

በማግስቱ አባ ትጋት ከብዙ ዘመን በኋላ እስኪበቃቸው ተኝተው ጠዋት ሱቅ ሲገቡ ፌስታሉ ከተቀመጠበት ነበር። አንዱን እጅጌ አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ገለበጡት። ረጅሙን የግራ እጅጌ ፊቱን ወደ ታች አድርገው በአጭሩ እንደገና ቢቆርጡት አጭር የቀኝ እጅጌ ይወጣዋል። ግማሹን እንዲህ ቀኝ አደረጉት፤ ግራ ሆኖ የሚቀረውንም አሳጠሩት። ሐኪም ቤቱ ሲጠየቅ ነርስ እጇን የምትታጠብ ሰው ናት፣ አጭሩ እንዲያውም ይሻላል አለ። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። «ይህ ሐሳብ ያኔ ቢመጣልኝ ልጄን ባላባረርሁ» ነበር ያሉኝ። ያኔ አይመጣላቸውም ነበር። ሐሳብ እንቅልፍ ያጣ ቤት አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ፀሐይ ሳትገባ ይዘጋል። ጥቅሎቹ ከመስኮቱ ተነሥተው የቀን ብርሃን ገብቷል። ሁሉ ነገር ወዲያው ተቃና ብል ውሸት ይሆንብኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው ቀነሰ፤ አባ ትጋትም «አጠፋችኝ ይህች ልጅ» እያሉ ደጄን ሲመላለሱ ሰነበቱ። ሴቶቹ በጊዜ እንደሚወጡ ገና አላመኑም ነበርና እጃቸው ራሱን መቆጠቡን አልተወም። ሲያምኑ ግን ከምሳ በኋላ የመኪኖቹ ድምፅ ተለወጠ። የጠዋቱ ትርተራ እያነሰ ሄዶ አሁን አንድ ሴት ሻይዋን ሳትጨርስ የምትጨርሰው ሆኗል። በሳምንቱ የሚወጣው ልብስ ከድሮው አላነሰም፣ አንዳንዴም ይበልጣል፤ ተመልሶ የሚመጣ ግን የለም። ደመወዙ ሳይነካ ከጨርቁና ከመብራቱ የተረፈው ሁለት ሞያተኛ ሥራ ፈላጊዎችን አስቀጠረ። ታማሚው ቀነሰ። ማታ ሲያልፉ ብቻ ያዩአቸው የነበሩት ጫማ ሻጭና ጸጉር ሠሪ አሁን እነዚያን ሴቶች በስማቸው ያውቋቸዋል። ሰው ማረፉ ለራሱ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደዚያ መንገድ መጥቶ ይመልከት፤ የአንዱ አዳራሽ በጊዜ መዘጋት የስንቱን ሱቅ እንደከፈተ ያያል። ለረጅም ሰዓት መቀመጥና ብዙ መሥራት አንድ ናቸው ብለን የምንከራከር ሁሉ ሒሳቡን ማስላት ያለብን ከማታው ስፌት ላይ የጠዋቱን ትርተራ ቀንሰን ነው።

ልጁ አንድ የወረቀት መደብር ውስጥ ዕቃ አስረካቢ ሆኗል። በእረፍት ቀኑ እየመጣ አባቱን ይጠይቃል። ሱቁ በር ላይ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ አይገባም።

በቅርቡ አንድ ቀን አባ ትጋት ሱቁን ዘግተው ከእኔ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመን ስናወራ ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ጸጉሩ ላይ የመጋዝ ብናኝ አለ። እሱም ከልጁ ጋር እስከ ማታ የሚሠራ ሰው ነው።

«አባ ትጋት፣ ስምዎን ልንለውጠው ነው» አለ እየሳቀ። «ፀሐይ ሳትገባ ይዘጋሉ አሉ። ከከበሩ በኋላ ነው አይደል ስንፍና?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። የማታው ስፌት ጠዋት እንዴት እንደሚተረተር፣ ቶሎ የማይወጣ ሰው ቶሎ እንደማይሠራ፣ የደከመ ዐይን የገዛ ስፌቱን እንደማይለይ አንድ በአንድ ነገሩት። የእህታቸው ልጅ ብትሰማቸው በኮራች ነበር። አናጢው ካዳመጠ በኋላ ጫማው ላይ ያለውን ብናኝ አራገፈ።

«ይሁን፤ ጥቅም አለው እንበል» አለ። «ልጅዎስ? ተመለሰልዎት?»

«አልተመለሰም።»

«አዝናለሁ።»

«የአንተ ልጅ አሁን የት ነው?»

«መጋዙ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ከእኔ ጋር ቆመህ አታውራ» አሉት። «ሂድና እጁን ያዘው።»

አናጢው ሳይሰናበተን መንገዱን ተሻገረ።